ስም ያልወጣለት ነጋዴ

«ጦቢያ» የተባለውን ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ ጦቢያን ያስታውሳል። የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ አገር ያቋረጠችውን ልጅ ማን ይረሳል? ዋህድንም ያስታውሳል፤ አባቱን ከባርነት ሊያስለቅቅ ብቻውን የወጣ ልጅ ነው። ነጋዴውን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አልገጠመኝም። ደራሲው ስም እንኳ አላወጣለትም። የማያውቀውን ልጅ ችግር ሰማ፣ ኮረጆውን ፈታ፣ የመዋጃውን ገንዘብ ሰጠ፤ ሥራው ይኸው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የደረሰው ቦታ ጠባብ ነው። እኔ ታሪኩን በልጅነቴ በሰማሁበት ቤት ግን የታሪኩ ባለቤት እሱ ነበር።

ያ ቤት ኩታበር ነው። ኩታበር ከደሴ ተነስቶ በቦሩ ሜዳ በኩል የሚያልፈው መንገድ የሚደርስባት የደጋ ከተማ ናት። ማለዳ ጉሙ ሲወርድ የጎረቤት ቤት አይታይም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ በጎቹ ጠጉር ላይ ያድራል። በከተማዋ ምዕራብ በሽሎ ይነሳና አገሩን እየሰነጠቀ፣ በመቅደላ አቅራቢያ አልፎ ዓባይ ይገባል። ወደ ተንታና ወደ አጅባር የሚሻገር ነጋዴ ያን ቁልቁለት ከመያዙ በፊት እኛ አካባቢ ማደር ነበረበት። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል» ካለ ስሙ ሳይጠየቅ ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ እራት ይቀርብለታል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ከየት መጣህ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው። ክርስቲያን ይሁን እስላም ማወቅ የሚያስፈልገው ለሥጋው ጉዳይ ብቻ ነበር፤ እናቴም ለዚያ ብላ ሽሮና ምስር ከቤት አታጠፋም።

የእንግዳ እግር ማጠብ የኔ ሥራ ነበር። ብዙ እግር አጥቤአለሁ፤ የአንዱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የበልግ ዝናብ በሚያካፋበት ምሽት አንድ የጨው ነጋዴ ከአንዲት ዳማ በቅሎና ከሁለት አህዮች ጋር ደጃችን ደረሰ። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። ውሃው ሲነካው ፊቱን አላጨፈገገም፤ ይልቅ እኔን ስንተኛ ክፍል ነህ፣ ማንበብ ትችላለህ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ታሞ ተኝቷል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ፣ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። አባቴ በቃሬዛ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊያወርደው ሰው እየለመነ ነበር፤ ወቅቱ ግን የእርሻ ሆነና የሚሸከም አልተገኘም። ነጋዴው ይህን ሁሉ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሰማ። ሊነጋጋ ሲል ተነሳና በቅሎዋን ጫነ፤ የጫናት ግን ጨው አልነበረም። ኮርቻው ላይ የእናቴን ዝተት አጥፎ አነጠፈ፣ ወንድሜን አቅፎ አወጣው፣ እንዳይወድቅ ወገቡን በመጫኛ አሰረው። መጫኛውን ሲያስር አይቻለሁ፤ ቆዳው እንዳይቆርጠው ከሥሩ የራሱን ነጠላ ጠቀለለበት። አባቴ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላ ወገን ሆነው ወረዱ።

ጨዉ እኛ ቤት ቀረ። እርጥበት ጨው ያሟሟል፤ የሰው ንብረት ደግሞ አደራ ነው። እናቴ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ጎትታ ምድጃው አጠገብ ደረደረቻቸውና ቀኑን ሙሉ እሳቱ እንዳይጠፋ ስትጠብቅ ዋለች። ሰውየው በማግስቱ ሲመለስ ጆንያውን ዳሰሰ፤ ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው «እናንተ ደግሞ ለኔ እሳት ስትጠብቁ ዋላችሁ» ብሎ ተገረመ። በኛ በኩል የተደረገው ምድጃ ሥር እንጨት መጨመር፣ በሱ በኩል የተደረገው ሰው ማዳን ሆኖ ሳለ ውለታውን እኩል አደረገው። አባቴ ቦሩ ሜዳ ቀርቶ ስለነበር ስሙን ሳይጠይቀው ቀረ። እናቴም በዚያ ጭንቅ ውስጥ አልጠየቀችም። ጨዉን ጭኖ ቁልቁለቱን ወረደ።

ወንድሜ ድኖ ከተመለሰ በኋላ አባቴ ዕረፍት አጣ። በመንገዱ የሚያልፈውን ነጋዴ ሁሉ «ዳማ በቅሎ ያለው፣ ረጅም፣ ጠይም» እያለ ይጠይቃል። ዳማ በቅሎና ጠይም ሰው ወሎ ውስጥ የት ይጠፋል? በመጨረሻ ወንድሜን ራሱን፣ የዳነውን ልጅ፣ አንድ ሙክት አስይዞ ወደ ተንታ ገበያ ሊልከው ተነሳ፤ ፈልጎ እንዲያመሰግነው። እናቴ እምቢ አለች። በሽሎ ገደሉ፣ ሽፍታው፣ ንዳዱ አለ፤ ከሞት የተመለሰ ልጄን አልሰድም አለች። ተነጋግረው ተነጋግረው ነገሩ በእንጥልጥል ቀረ። ሙክቱም ለፋሲካ ታረደ።

ዘማቾቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ ለኛም አገር ደረሱን። ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ስለ መሬት አዋጁ ያስረዳሉ፣ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ። ስለ ዘመቻው ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ እዚህ የማነሳው አንዱን ዘማች፣ በቦርሳው ይዟት የመጣትን ቀጭን መጽሐፍና እኛ ቤት ያመሸባቸውን ምሽቶች ብቻ ነው። አባቴ ፊደል መቁጠሩን «ለኔ መሽቷል» ብሎ ቢተወውም ማዳመጥ ይወድ ነበር። ስለዚህ ዘማቹ እራት ከበላ በኋላ በኩራዝ ብርሃን ያነብልን ጀመር። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ጎረቤታችን ሼኹ ከመግሪብ በኋላ ቡናው ሲፈላ ይመጣሉ።

መጽሐፉ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። አፈወርቅ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ሠዓሊ ነበሩ፤ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከወራሪው ወገን መቆማቸው ስማቸውን ያጠለሸ እውነት ነው፤ ለዚያም ነው ብዙ ሰው ስለ መጽሐፉ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው። አማርኛው ግን የሚጣፍጥ አማርኛ ነው። ኩታበር ላይ፣ ፊደል በማይቆጥር ገበሬ ቤት፣ አንድም ቃል ሳይተረጎም ገብቷል።

ታሪኩ በጦርነት ይጀምራል። የክርስቲያኑ ጦር ይሸነፋል፣ ደጃዝማቹ ይማረካል፣ ለባርነት ይሸጣል። መዋጃው ከቤተሰቡ አቅም በላይ ይሆናል። ልጁ ዋህድ ሠርቶ ገንዘቡን ሊያገኝ ከቤት ይወጣል፤ ነጋዴውን የሚያገኘውም በዚህ ጉዞ ላይ ነው። ዘማቹ ነጋዴው ገንዘቡን የሚሰጥበት ቦታ ሲደርስ አባቴ «ቆይ» አለው። ወደ እናቴ ዞረ። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። «በል ደግመህ አንብብ» አለ አባቴ። ደግሞ አነበበ።

ከዚያ ደጃዝማቹ ነጻ ወጥቶ ከቤቱ ይገባል። ደስታው ግን ሙሉ አይሆንለትም፤ ያን ባለውለታ ሳላመሰግን እንዴት ልቀመጥ ይላል። ዋህድ ነጋዴውን ፍለጋ ይላካል። እናቴ እንዝርቷን አቆመች። ዋህድም ነጋዴው ዘንድ ሳይደርስ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ።

«ይኸው! አላልኩህም?» አለች እናቴ፤ እንዲያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ግን ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር። ከመደቡ ብድግ ብሎ «ምስጋና ሊያደርስ የወጣ ልጅ!» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ነጋዴው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? አንዱን ላስፈታ ብሎ የሰጠው ገንዘብ ሌላውን አስያዘ» አለ።

ዘማቹ ሳቅ ብሎ «አባባ፣ ታሪኩ አሁን የዋህድ ነው» አለው።

«የዋህድ የሆነው ያ ሰው ስለሰጠው ነው፣ ልጄ። እሱ ባይሰጥ ምን ታነብልን ነበር?»

ቀሪውን በየምሽቱ እየተከታተልን ጨረስነው። ጦቢያ ወንድ መስላ ስትወጣ እህቶቼ ተቁነጠነጡ። አረመኔው ንጉሥ ልቡ ተመልሶ፣ ክርስትና ተነስቶ ጦቢያን ሲያገባ ሼኹ «የሃይማኖቱን ነገር ለባለቤቱ እንተወው፤ ሰርግ ከሆነ ግን እኛም እንጠራለን» ብለው ቤቱን ሁሉ አሳቁት። አባቴም አብሮ ሳቀ። ሲሸኛቸው ግን ደጅ ላይ ስለ ነጋዴው ያወራቸው ነበር፤ ድምፁ እስከ ውስጥ ይሰማኛል።

ዓመታት አለፉ። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስማር መጽሐፉን በኪራይ አግኝቼ ለራሴ አነበብኩት። በኋላም ሥነ ጽሑፍ የተማሩ ሰዎች ስለሱ ሲከራከሩ ሰማሁ። የብዙዎቹ ነቀፌታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጦቢያ» አጋጣሚ የበዛበት ታሪክ ነው፣ ሰዎቹ ወይ ፍጹም ደግ ወይ ፍጹም ክፉ ናቸው፣ ነጋዴውማ ደራሲው ሲጨንቀው ከመንገድ ዳር የጠራው መላ ነው ይላሉ። ንዑስ ገጸ ባሕርይ፣ ያውም ምክንያቱ ያልተነገረለት። የማያውቀውን ልጅ እንዲያው ዝም ብሎ ያን ያህል ገንዘብ የሚሰጥ ሰው የት አለ?

በዚህ አልስማማም፤ የማልስማማውም ለአፈወርቅ ልከራከር ብዬ አይደለም። ስለ አጋጣሚው መብዛት ተቺዎቹ ልክ ናቸው። ንጉሡ ጦቢያ ሴት መሆኗን ካወቀ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ተጣድፎ ሰርግ ላይ መድረሱም አያስደስተኝም። ነጋዴው ግን ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ለእውነት የቀረበው ነው። ንጉሥ አግብታ የተካሰች ልጅ አይቼ አላውቅም። ጨዉን አራግፎ በሽተኛ የጫነ ሰው ግን እግሩን አጥቤአለሁ። ምክንያቱን አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። ሲራራ ነጋዴ ከገደል ገደል፣ ከማያውቀው ቤት ወደማያውቀው ቤት እያደረ የሚኖር ሰው ነው። የሚጠብቀው ሕግ፣ የሚያድርበት ሆቴል፣ የሚከፍልለት መድን አልነበረውም። ያለው መተማመኛ የሰው ደጅ ብቻ ነበር። እንዲህ የኖረ ሰው መንገድ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ሲያይ የነገውን ራሱን ያያል። አፈወርቅ ይህን ሳይጽፉት የቀሩት አንባቢያቸው ያውቀዋል ብለው ይመስለኛል። የ1900 ዓ.ም. አንባቢ ደግሞ በእርግጥ ያውቀው ነበር።

በቅርቡ ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የጃፓን ታሪክ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ ደሴ ይኖራል፤ ለበዓል ኩታበር ሲመጣ ከስልኩ አይነቀልም። ምን እንደሚያይ ስጠይቀው «ዋን ፒስ» አለኝ። ኤይቺሮ ኦዳ የሚባል ሠዓሊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ በ«ሾነን ጃምፕ» ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የሚስለው የጀብዱ ታሪክ ነው፤ ከ100 በላይ ጥራዝ ወጥቶለታል፣ ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ታትሟል። ሉፊ የሚባል ልጅ ባሕር አቋርጦ ሀብት ሲፈልግ፣ ጓደኞች ሲያፈራ የሚያሳይ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሉፊ አይደለም። ልጁ ከዓይኑ እንባ እየጠረገ ሲያይ ያገኘሁት ሌላ ሰው ነበር፤ ሂሪሉክ የሚባል ሐኪም።

ሂሪሉክ ሐኪም ይባል እንጂ ማከም አይችልበትም። የሚኖረው በረዶ በማይለቀው ድራም በሚባል ደሴት ነው። የአገሩ ንጉሥ ዋፖል ጎበዞቹን ሐኪሞች ለራሱ ሰብስቦ ሕዝቡን ያለ መድኃኒት አስቀርቶታል። ሂሪሉክ ደግሞ በየቤቱ እየገባ ያለ ክፍያ ሊያክም ይሞክራል፤ ሰዉ ያባርረዋል። አንድ ቀን ሰማያዊ አፍንጫ ያለው፣ መንጋውም ሰውም የጣለው ቾፐር የተባለ የበረዶ አጋዘን ቆስሎ ያገኛል። ያስታምመዋል፣ ልጄ ይለዋል፣ ስምም የሚያወጣለት እሱ ነው። ሂሪሉክ ራሱ የማይድን በሽታ እንዳለበት ቾፐር ሲሰማ መድኃኒት መስሎት መርዘኛ እንጉዳይ በብዙ ልፋት ያመጣለታል። ሰውየው መርዝ መሆኑን ያውቃል። ልጁን እንዳያሳዝን ብሎ ይጠጣዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ ታመዋል የሚል ወሬ ሰምቶ ሊያክማቸው ወደ ንጉሡ ግንብ ይወጣል፤ ወሬው ወጥመድ ነበር። ሐኪሞቹ ደኅና መሆናቸውን ሲያይ ይደሰታል እንጂ አይቆጭም፤ እዚያው ሕይወቱ ያልፋል። ሕልሙ አንድ ነበር፤ በዚያ በረዶ አገር የቼሪ አበባ ማሳየት። ለዚህም ብዙ ዓመት የደከመበት ዱቄት ነበረው። ቾፐር ከሉፊ ጋር አገሩን ለቅቆ ሲሄድ ኩሬሃ የምትባል አሮጊት ሐኪም ያን ዱቄት በመድፍ ወደ ሰማይ ትተኩሰዋለች። የሚወርደው በረዶ ሁሉ ሮዝ ይሆናል።

ሉፊ እዚያ አገር ሲደርስ ሂሪሉክ ከሞተ ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ጥራዝ ውስጥ የሱ ድርሻ ጥቂት ምዕራፎች ናቸው። ሆኖም ቾፐር የሉፊ መርከብ ሐኪም ሆኖ በየባሕሩ የሚያክመው ሁሉ የሂሪሉክ ነው። ልጁ ይህን እየተረከልኝ አባቴን አሰብኩ። እሱ ባይሰጥ ምን ታነብልን ነበር ያለውን።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ በዚህ ጉዳይ ጃፓናዊው ሠዓሊ ከኛው ደራሲ በልጧል። ለትንሹ ሰው ፊት ሰጥቶታል፣ ስም ሰጥቶታል፣ ቁም ነገሩን ሳይናገር እንዲሞት አላደረገውም፤ ውለታው ሲከፈልም ለአንባቢው አሳይቶታል። የኛው ነጋዴ ምን ይልበስ፣ ምን ዓይነት በቅሎ ይንዳ፣ ቤቱ የት ይሁን የሚያስብለት አልተገኘም። ስለዚህ ተረሳ። ደሴ ያለ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ ሂሪሉክ እያለቀሰ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው የገዛ አገሩ ነጋዴ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ልጁን አልወቅሰውም። ያሳየው የለም።

ጃፓንን ማድነቅ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተጉዘው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን የኛ ምሁራን ከጃፓን ሊቀዱ የፈለጉት ሥልጣኔውን፣ ትምህርቱንና መንግሥቱን ነበር። ዛሬ ከሷ የምንማረው አንድ ሌላ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም የራስን ተረት በሥዕል አድርጎ ለልጅ መስጠት ነው። የሚችሉ ልጆችም አሉን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 እጣን ኮሚክስ «ጀምበር»ን ሲያወጣ አዲስ አበባ ላይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጀግና በሥዕል ታሪክ ማየት ችለናል።

የሥዕል ታሪክ ለምትሠሩ ወጣቶች የምለው ይህ ነው። «ጦቢያ»ን ሣሉት። ጦርነት አለው፣ ባሪያ ፈንጋይ አለው፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ አለችው፣ ንጉሥ አለው፤ ለጀብዱ ታሪክ የሚጎድለው የለም። ነጋዴውን ስትደርሱበት ግን አትለፉት። አራት አምስት ገጽ ስጡት። ስም አውጡለት፤ የወሎ ስም ቢሆን ደስ ይለኛል። በቅሎዋን ዳማ አድርጓት። ተረከዙንም በደንብ ሣሉት፤ የብዙ አገር መንገድ የሄደ ሰው መሆኑ ከዚያ ይታወቃል።